ከሰማይ የታዩት ሰባት ግራሮችሽ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባለቤትሽ እንደምን አለ? ልጆቹስ በርትተዋል? ያ የጉልበትሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ያስነክስሻል? ባለፈው ደብዳቤሽ የሳል ነገር ጠቅሰሽ ነበር። ሐኪም ቤት ሂጂ ብዬ ጻፍኩልሽ፤ መሄድሽንም አለመሄድሽንም ሳትነግሪኝ ስለ አየሩ ቅዝቃዜ ሁለት ገጽ ጻፍሽልኝ። የጠየቅኩት ሳይመለስልኝ ማለፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽና እንደገና ጠይቄሻለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሏል፤ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

የዛሬው ደብዳቤ ረዘም ይላል። የምነግርሽ ነገር አለኝ፤ ከመጀመሪያው ባወጣው በንዴት ቀሪውን ሳታነቢ ትቀጂዋለሽ ብዬ ስለማስብ በመጣበት ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ። ይህን ብቻ አስቀድመሽ እወቂ፤ ጉዳዩ በድርሻሽ ላይ ያሉትን ሰባት ግራሮች መኖር ወይም መነሳት ይመለከታል፤ ከአንቺም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በገዛ እጅሽ የተጻፈ ወረቀት ይጠበቃል።

ከላይ ከግድቡ እስከ ታችኛው ሜዳ የመስኖ ቦይ ሊቆፈር ነው። ቦዩ የሚያልፍበትን መስመር የሚያወጣው መሐንዲስ አንድ ደንብ ይዞ መጣ። በማሳ ላይ ነጭ ግራር ባለበት ቦታ ቦዩ ይዞራል፤ ሌላ ዛፍ ባለበት ዛፉ ተነስቶ ቦዩ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ነጭ ግራር ስልሽ አባታችን «እምቢተኛው» ይለው የነበረውን ዛፍ ማለቴ ነው። ሌላው ሁሉ በክረምት ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሌላው በበጋ ሲራቆት እሱ አረንጓዴ ይለብሳል። በክረምት ራቁቱን ስለሚቆም በሥሩ የተዘራ በቆሎ ፀሐይ አያጣም፣ የሚረግፈው ቅጠልም አፈሩን ያደልበዋል። መንግሥት ይህን ዛፍ አትንኩ ማለቱ ተገቢ ነው። የገረመኝ ግን ዛፎቹን ለይቶ የሚቆጥረው ሰው አለመሆኑ ነው። ከሰማይ የሚወርድ ፎቶ ነው አሉን።

ሥራውን የያዘችው ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ናት፤ ሁሉም ባለካርታዋ ይላታል። የመጣች ዕለት ወገቤን ይዤ በሩ ላይ ተቀበልኳት። ዛፍ የሚታወቀው በእጅ ተዳስሶ፣ ቅጠሉ ታሽቶ፣ ልጡ ተፍቆ ተሽትቶ ነው፤ ከደመና በላይ ሆኖ ዛፍ ለየሁ የሚል ሰውም ሆነ ዕቃ ቢኖር ውሸታም ነው አልኳት። እሷ እቴ ምን ገዷት! «አባባ፣ እኔም አላውቃቸውም፣ ፎቶውን የሚያነበው ማሽንም አያውቃቸውም። በዚህ አካባቢ ዛፍ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት ብለውኝ ነው የመጣሁት፤ ያስተምሩን» አለችኝ። እንግዲህ ምን ልበል? የማላውቀውን አስተምረኝ ብሎ በመጣ ሰው ላይ በር አልዘጋም። እኔን ያስተማረኝ የለም፤ ፊደል የለየሁት በዘር ከረጢት ላይ ከታተመ ጽሑፍ መሆኑን አንቺው ምስክር ነሽ።

ስምንት ቀን አብረን ዞርን። እኔ ዛፉን እነካለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፤ እሷ ከግንዱ ሥር ቆማ እንደ ስልክ ባለች ዕቃ ቦታውን ትይዛለች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ ጠራሁላት። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ባሕር ዛፍ፣ ተራ ግራር፣ ነጭ ግራር። ጎረቤታችን አናጢው ከአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «ምነው፣ ዛፎቹን ለምርጫ ልትመዘግቧቸው ነው?» አለ። አዎ፣ ካንተ የተሻለ ድምፅ ይሰጣሉ አልኩት። ባለካርታዋ ሳቋን ልትይዝ ብትሞክርም አልቻለችም። እንዲህ የተጠራው ዛፍ ሁሉ ለማሽኑ እንደ መማሪያ ነው። ይህ ብሳና ነው፣ ይህ ዋንዛ ነው ተብሎ በቂ ከተነገረው በኋላ ያላየውን በራሱ ይለያል።

እንዴት አድርጎ ነው የሚለየው? ይህን ጥያቄ በየቀኑ ጠየቅኳት፤ በየቀኑም ትንሽ ትንሽ ነገረችኝ። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን የሚበላው አለ፣ የሚመልሰው አለ። ከሚመልሰው ውስጥ አብዛኛውን የሰው ዓይን አያየውም፤ ከቀዩ ወዲያ ያለ ብርሃን ነው። ፎቶውን ከሰማይ የምታነሳው ሳተላይት ግን ታየዋለች። የማይታይ ብርሃን መኖሩን በምን አወቃችሁ ብዬ ያዝኳት። «ዓይኑ የማያይ ሰው ፀሐይ መውጣቷን በምን ያውቃል?» አለችኝ። ሙቀቷ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ነዋ አልኳት። «የእኛም ዕቃ እንደዚያ ነው፤ ብርሃኑ ሲያርፍበት ይሰማዋል» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ማክበር ጀመርኩ።

ሌላም ነገር አለ። በፎቶው ላይ አንዷ ነጥብ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር መሬት ናት። በዚያች ነጥብ ውስጥ ቅጠል መቁጠር አይታሰብም። ሳተላይቷ ግን በየአምስት ቀኑ እየተመለሰች ታልፋለች። ስለዚህ ማሽኑ ዛፉን በመልኩ ሳይሆን በጠባዩ ያውቀዋል፤ መቼ ቅጠል እንዳወጣ፣ መቼ እንደጠወለገ፣ መቼ እንደራገፈ ዓመቱን ሙሉ ይከታተላል። ይህን ስሰማ ከልቤ ወደድኩት። ሰውንስ ቢሆን የምናውቀው እንደዚያ አይደል? ባለቤቴ ይህን ሳወራላት «እንግዲያ አንተን በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለይሃል፣ ከእምቢተኛው ጎን ያስቀምጥሃል» ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

በስምንቱ ቀን ያልረገጥነው አንድ ማሳ ነበር፤ የአንቺ ድርሻ። ባለካርታዋ ከአለቱ በታች ያሉትን ዛፎች በእጇ እያሳየች እነዚያስ አለችኝ። እሾህ ብቻ ነው፣ ጊዜሽን አታባክኚ ብዬ ወደ ሌላ መንገድ ወሰድኳት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አሁን ትደርሺበታለሽ።

ጥቅምት ሲጋመስ ካርታው ደረሰ ብላ አስጠራችኝ። ቢሮዋ ከግብርናው መሥሪያ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ስክሪኑ እንዲታይ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳዋለች፣ የጠረጴዛው አንድ እግር አጥሮ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ገብቶበታል፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ መሬት ለመሬት ስለተዘረጋ እግርሽን እያነሳሽ ነው የምትገቢው። የእኛ ቀበሌ ማሳ ሁሉ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ተዘርግቷል፤ ነጭ ግራር ያለበት ቢጫ፣ ሌላው ዛፍ ግራጫ። የእኔን ማሳ በአንድ ጊዜ አገኘሁት። አባታችን የተከላቸው አራቱ ነጭ ግራሮች ቢጫ ሆነው ቆመዋል። የአናጢው ሁለት ዋንዛዎች ግራጫ ናቸው፤ ልክ ነው። እያንዳንዱን የጠራሁትን ዛፍ ማታ ማታ ከጻፍኩበት ደብተሬ ጋር አመሳከርኩ። ከሃያ አንዱን ቢስት ነው። እልክ ይዞኝ ትልቅ ስህተት ስፈልግ ቆየሁና የአንቺ ድርሻ ላይ ስደርስ አገኘሁት። ሰባቱም ግራጫ።

ደስታዬን አትጠይቂኝ። ጠረጴዛውን በእጄ መትቼ፣ ይኸውልሽ፣ ማሽንሽ ነጩን ግራር ተራ ግራር ብሎታል፣ አላልኩሽም ነበር አልኳት። እሷም አልተከራከረችም፤ ለምን እንደሳተ እንይ አለች። እኔም ለምን እንደሳተ ለማወቅ ከእሷ ይልቅ ቸኩዬ ነበር። እዚህ ላይ ልብ አድርጊ እህቴ፤ ማንም አላስገደደኝም። የማወቅ ጉጉቴ ነው ጎትቶ ወንበሩ ላይ ያስቀመጠኝ። የድሮ ፎቶ አላችሁ ወይ አልኳት። የአሥር ዓመት አለ አለችኝ። የየካቲቱን ክፈቺ፣ እምቢተኛው የሚለመልመው በበጋ ነው አልኳት። ያለፈውን ዓመት የካቲት ከፈተች፤ ሰባቱ ቦታ ላይ ባዶ ግራጫ መሬት ነው። የካቻምናውን ከፈተች፤ ባዶ። የሐምሌውን ስትከፍት ደግሞ ጭራሽ አረንጓዴ ጠብ ጠብ ይላል፤ በተገላቢጦሽ። እንደዚያ እያለች ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ያለው የካቲት ላይ እጇ ቆመ። ዙሪያው ሁሉ ደርቆ ቡኒ ሆኖ በመካከሉ ሰባት አረንጓዴ ነጥቦች በአንድ መስመር ቆመዋል።

«በዚህ ዓመት ምን ተፈጠረ አባባ?» አለችኝ። በዚያ ዓመት የሆነውን እኔ በደንብ አውቃለሁ። ከጣሪያ ወድቄ እግሬ ተሰብሮ አራት ወር አልጋ ላይ የዋልኩበት ዓመት ነው። ለአንቺ ትንሽ አሞኝ ነበር ብዬ የጻፍኩልሽ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። መሬቱን ስንካፈል ለም የሆነውን ላይኛውን እኔ ወሰድኩ፤ አንቺ ድንጋያማውን ታችኛውን መረጥሽ። ለምን ብዬሽ ነበር፤ በዛፎቹ ምክንያት ነው፣ አንድ ቀን ተመልሼ በሥራቸው ቤት እሠራለሁ አልሽኝ። መሬቱን እያረስክ ብላ፣ ብረት ግን አታስነካቸው ብለሽ አስማልሽኝ፤ ማልኩ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ድርቅ ገባና ከብቶቹ የሚቀምሱት ሲያጡ ከአንዱ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ አወረድኩ። በሚቀጥለው ዓመት ድርቅ አልነበረም፤ እኔ ግን መንገዱን ለምጄዋለሁ። ጥር ሲገባ ሰባቱንም እስከ አንገታቸው እየመለመልኩ ቅጠሉን ለከብት፣ እሾሁን ለአጥር አደርጋለሁ፤ የራሴን አራቱን ግን ለበቆሎዬ ብዬ አልነካኋቸውም። ሌላው ዛፍ በደረቀበት ወቅት ከእነዚህ የተሻለ መኖ ከየት ይመጣል? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግኩ፤ ካልጋ ካልተነሳሁበት ዓመት በቀር። በየደብዳቤው ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ዛፎችሽ ደህና ናቸው እልሽ ነበር። አልሞቱማ እያልኩ ራሴን አሳምኜ። ባለቤቴ በየዓመቱ ገጀራውን ሳነሳ «ለእህትህ ምን ልትላት ነው?» ትለኛለች፤ እኔም የምለውን አውቃለሁ እላታለሁ። አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ማሽኑ አልተሳሳተም። ዛፉን በጠባዩ አውቀዋለሁ አለ፤ ጠባዩን ያጠፋሁበት እኔ ነኝ። በበጋ የሚለመልመውን በበጋ አራቆትኩት፤ የተቆረጠው ቦታ ደግሞ በክረምቱ ዝናብ እያቆጠቆጠ ያለ ወቅቱ ቅጠል አወጣ። ከሰማይ ለሚያየው ከተራ ግራር በምን ይለያል? በዚያ ላይ ባለካርታዋ በእግሯ ሄዳ እንዳታይ መንገድ ያስቀየርኳት እኔው ነኝ። እጅ ከፍንጅ መያዝ ይሏል ይህ ነው። ያን ቀን ግን ምንም አልተፈጠረም ብያት ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «እኔ እኮ ያን ዓመት ሳይ ዛፎቹን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አርሶት ይሆናል ብዬ ነበር» አለችኝ። ከስድብ የበለጠ ተሰማኝ።

ከዚያ ሳምንት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ ካርታውን በነጭ አንሶላ ላይ አሳየን። የቦዩ ሰማያዊ መስመር በእኔ ማሳ ዙሪያ ከታጠፈ በኋላ በአንቺ ድርሻ መካከል ቀጥ ብሎ ያልፋል። ቅሬታ ያለው አለ ወይ ሲል ተነሳሁ። ካርታው ትክክል ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ እነዚያ ሰባቱ ነጭ ግራሮች ናቸው፣ በየዓመቱ ስለምመለምላቸው ነው ያልታዩት፤ መሬቱም ዛፎቹም የእህቴ ናቸው፣ እንዳልነካቸው ምዬ ነበር አልኩ። አናጢው ከኋላ ሆኖ «ጸሐፊ፣ ይመዝገብልኝ! አርባ ዓመት ስንጎራበት ይህ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ዛሬ ገና ሰማሁት» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

መሐንዲሱ በማግስቱ በእግሩ መጣ። ልጡን ፋቀ፣ እሾሁን አየ፣ የተቆረጡትን ጫፎች አንድ በአንድ ቆጠረ። ደረቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ ወደድኩት። «ዓይነቱን አምኛለሁ። ደንቡ የሚጠብቀው ግን አናቱ የተዘረጋ፣ በበጋ ፎቶ ላይ የሚታይ ዛፍ ነው፤ እርስዎ ምሰሶ አድርገዋቸዋል» አለኝ። ከዚያ ባለካርታዋ የዛሬ ስድስት ዓመቱን ፎቶ አሳየችው፤ አንድ በጋ ቢተዋቸው እንደሚያገግሙ ያን ጊዜ ታይቷል አለችው። መሐንዲሱም ፈቀደ። በመጪው የካቲት ፎቶ ላይ ከሰባቱ ቢያንስ አምስቱ አረንጓዴ ሆነው ከታዩ ቦዩ ይዞራል። ካልታዩ ይነሳሉ። እስከዚያ ሥራው እንዲቆይ ግን የመሬቱ ባለቤት በጽሑፍ መጠየቅ አለባት።

የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ወኪሏ እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ ይፈርሙና ይለቅ አለኝ። እውነቱን ነው፤ እስካሁን በስምሽ ስንት ወረቀት ፈርሜያለሁ። ይህን ግን አልፈርምም አልኩ። ባለቤቴ ዛፎቹ ይቆረጡልሃል፣ ዛሬ ነው ግትርነት ብላ ጮኸችብኝ። አልፈረምኩም። ምክንያቱም የምትመርጪው ነገር አለሽ። ቦዩ በመሬትሽ ላይ ቢያልፍ ውኃው ደጅሽ ላይ ይደርሳል፤ ቤት የሚሠራ ሰው ውኃ ደጁ ሲደርስለት ቀላል ነገር አይደለም። ዛፎቹ ግን ይነሳሉ። ቦዩ ቢዞር ዛፎቹ ይኖራሉ፤ ውኃውን ግን ሁለት መቶ እርምጃ ሄደሽ ነው የምትቀጂው። እኔ የቱን እንደምፈልግ አልጽፍልሽም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የፈለግኩትን አድርጌበታለሁ፤ ይበቃኛል።

እንድትወስኚ ግን ያየሁትን ልጻፍልሽ፤ ዛሬ ጠዋት በሥራቸው ዞሬ ነው የመጣሁት። ከአለቱ በኩል ያሉት ሁለቱ ክንድ የሚያህል ቀንበጥ አውጥተዋል፣ ቅጠላቸው ጥቅጥቅ ብሏል። ሦስተኛውና አራተኛው ጀምረዋል፤ ከሩቅ ሲያዩት ጭጋግ የመሰለ አረንጓዴ ነው። አምስተኛው ባንድ ጎኑ ብቻ ነው ያቆጠቆጠው። ስድስተኛው እሾህ እንጂ ቅጠል የለውም። ሰባተኛው፣ ከሁሉ የሚበልጠው፣ ምንም አላሳየኝም፤ ልጡን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው ግን ውስጡ እርጥብ ነው። እስከ የካቲት አምስት ይሞላሉ ወይ ብትዪኝ አላውቅም። አላውቅም ብዬ ስጽፍልሽ እጄ እንደ ከበደኝ ታውቂያለሽ። ለከብቶቹ የበቆሎ አገዳ ከምሬያለሁ፤ አናጢው ደግሞ እያሾፈም ቢሆን ሁለት ሸክም ገለባ ወርውሮልኛል።

ባለካርታዋን ሳተላይቷ የምታልፍበትን ቀን ጠይቄ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። በዚያ ቀን ረፋዱ ላይ ዛፎቹ ሥር እቆማለሁ። ሰው በዚያ ነጥብ ውስጥ አይታይም ብላኛለች። ለመታየት አይደለም የምቆመው። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚያይ ምን እንደሚያይ ለማወቅ ቀና ብዬ በቅርንጫፎቹ መካከል ሰማዩን እመለከታለሁ። ካለፈው ሳምንት ይልቅ የዚህ ሳምንት ሰማይ አንሷል፤ በቅጠል ተሸፍኗል ማለቴ ነው።

በይ እንግዲህ ወረቀቱን ቶሎ ጻፊ። ለእኔ የምትጽፊውን ደግሞ እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብትቆጪም አነበዋለሁ፣ ዝም ብትዪም እጠብቃለሁ። ለትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንድትበረታ፣ ብርሃን ከቀዩ ወዲያ ምን እንደሚባል ደግሞ በመጽሐፏ ፈልጋ እንድትጽፍልኝ ንገሪልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን በአክብሮት እጅ እነሳለሁ፤ ለወገባቸው ሕመም ምሕረቱን ያምጣላቸው። ባለቤቴ ሰላምታዋ ይድረስሽ ትላለች፤ ከሰላምታው ጋር «እኔ ነግሬው ነበር» ብለህ ጻፍልኝ ስላለችኝ ጽፌያለሁ። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። እዚህ መጥቶ የሄደ ጊዜ ዛፎቹን አይቶ «ወንድምሽ እነዚህን ሳይቆርጣቸው አይቀርም» ብሎሽ፣ አንቺ ደግሞ ወንድሜ ከማለ ማለ ነው ብለሽ ከእሱ ጋር ሦስት ቀን ተኳርፈሽ እንደነበር ባለቤቴ አሁን ነገረችኝ። እውነቱን ነበረ በይው። ለእነዚያ ሦስት ቀናት አንቺም ካሺው።

ከላይኛው ማሳ ቤት፣
ኅዳር 12 ቀን

ታላቅ ወንድምሽ